አራት ዓመት ነፍሰ ጡር

አሰብ ውስጥ አራት ዓመት ሙሉ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። እኔ አላረገዝኩም፤ ነፍሰ ጡር ነሽ ያለኝ የከተማው ሰው ነው። አውቶቡስ ላይ ገና እግሬን ሳነሳ አንዱ ጎረምሳ ከወንበሩ ብድግ ይላል። ዳቦ ቤት ስሰለፍ «እሷን አስቀድሟት፣ ደርሳለች» ይሉና በክንዴ ይዘው ወደ ፊት ያሳልፉኛል። የማላውቃት ሴት መንገድ ላይ ታስቆመኝና ሆዴን በዓይኗ ለክታ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ የኔ እህት» ትለኛለች። ባለሱቁ የመናዊ ደግሞ «ማሻአላህ» ብሎ ስኳሩ ላይ ትንሽ ጣል ያደርግልኛል።

መጀመሪያ መጀመሪያ አስረዳ ነበር። «አይ፣ እርጉዝ አይደለሁም፣ እንዲሁ ነው» እላለሁ። ሰውየው ይደነግጣል፣ ያፍራል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፤ መጨረሻ ላይ አጽናኟ እኔው እሆናለሁ። ትዕግሥት ሲታደል ደግሞ እኔ ወረፋው ላይ አልነበርኩም። ስለዚህ ማስረዳቱን ተውኩትና «አሜን» ማለት ጀመርኩ። ወንበር ሲለቁልኝ እቀመጣለሁ፣ ሲመርቁኝ አሜን እላለሁ፣ ውስጤ ግን እርር ድብን ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ወንዶች ልጆች ከወለድኩ በኋላ ሦስተኛው እርግዝናዬ መንታ ሆነ። ሴቷ ወጣች፣ አለቀሰች። ወንዱ ወጣ፣ አላለቀሰም። ከዚያ በላይ ስለ እሱ ብዙ አልናገርም፤ ሆድ ይፍጀው። ልጆቹ ወጡ፣ ሆዴ ግን ወደ ቦታው አልተመለሰም። ቆዳው ወደ ታች ተንጠለጠለ፣ እምብርቴ ላይ ደግሞ መጀመሪያ ሎሚ የሚያህል፣ ቆይቶ ብርቱካን የሚያህል እብጠት ብቅ አለ። ተኝቼ በጣቴ ስጫነው ጉር ጉር እያለ ይገባል፣ ስነሳ ተመልሶ ይወጣል። ሳስልም ስጮህም ይገፋኛል፤ አስተማሪ ነኝና ጩኸት እንጀራዬ ነው። አንዱ ልጄ መሬት ውስጥ ተኝቶ ሆዴ ግን አሁንም ሰው የሚጠብቅ ይመስል ነበር። የሚመርቁኝ ሁሉ በደግነት እንደሚያደርጉት አውቃለሁ። ግን በየቀኑ አንድ ደግ ሰው መጥቶ ቁስሌን ይነካዋል።

ያን ጊዜ አሰብ የኤርትራ ሆናለች፤ ወደቡ ግን የኢትዮጵያን ጭነት ማውረዱን አላቆመም። ባለቤቴ ተሳቢ እየነዳ በአሰብና በአዲስ አበባ መካከል ይመላለሳል፣ እኔ የወደብ ሠራተኞችና የሹፌሮች ልጆች በአማርኛ በሚማሩበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። የተከራየነው ከአንዲት የወሎ ሴት ነበር። ወደ አሰብ የመጡት በልጅነታቸው፣ ባል ተከትለው ነው፤ ባልየው ከሞቱም በኋላ ሙቀቱን እየረገሙ እዚያው ቀሩ። ግቢው ውስጥ የወለደች ሁሉ በእሳቸው እጅ ታሽታለች። እኛም «እማማ» ነበር የምንላቸው።

ከሁሉ የሚከፋኝ ግን ምርቃቱ አልነበረም። ልጄን ማዘል አልቻልኩም። ልጅ ሲታዘል ነጠላው የሚጠብቀው ሆድ ላይ ነው፣ የኔ ሆድ ደግሞ እንኳን ነጠላ የቀሚስ ቀበቶ አይችልም። ያቺን ከመንታ የተረፈችልኝን ልጅ እማማ አዘሏት፣ አባቷ ትከሻው ላይ ተሸከማት፣ ወንድሞቿ እየጎተቱ አሳደጓት። እኔ ጎንበስ ብዬ ስሜያት እመለሳለሁ። ከፍ ስትል ደግሞ እሷው እምቢ አለች። ሰው ሁሉ «እናትሽ ላይ አትውጪ፣ ሕፃኑን ትጨፈልቂዋለሽ» እያለ አሳምኗታል። መንታ ወንድም እንደነበራትም ሰምታለች። ሁለቱን በልጅ ጭንቅላቷ አገናኘቻቸው። አንድ ቀን ሆዴ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ «ወንድሜ ተኝቷል» ስትለኝ ወጥቼ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

አንድ የግንቦት ጠዋት ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ እምብርቴ ድንጋይ ሆነ። ጫንኩት፣ አልገባም። አስታወከኝ። የሥራ ጓደኞቼ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ተረኛው ሐኪም በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ ቀጭን ሰው ነው፤ በጦርነቱ ዘመን ከኤርትራ ታጋዮች ጋር ሜዳ ላይ ቁስለኛ ሲሰፋ የኖረ ቀዶ ሐኪም። አማርኛው ትግርኛ ትግርኛ ይላል። እግሬን ከፍ አድርጎ አስተኛኝና በሁለት እጁ ቀስ እያለ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ እብጠቱን ወደ ውስጥ መለሰው። «አጆኺ» አለኝ፣ በርቺ ማለቱ ነው። ከዚያ «አሁን ተመለሰ። ሌላ ቀን አይመለስ ይሆናል። የወጣው አንጀት ነው መምህር፤ ቀዳዳው ካነቀው ይሞታል፣ እሱ ከሞተ አንቺም አትተርፊም» አለኝ።

ቀጥሎ እጄን ሳልደገፍ ራሴን ከትራሱ ቀና እንዳደርግ ነገረኝ። ሳደርገው የሆዴ መሐል ከደረቴ እስከ ታች ሸንተረር ሆኖ ቆመ። ጣቶቹን እዚያ ላይ ሲያስገባ መዳፉ በሙሉ ሰመጠ። ሆድን ፊት ለፊት የሚይዙት ሁለቱ ረጃጅም ጡንቻዎች ጎን ለጎን መሆን ሲገባቸው መንታው አለያይቷቸዋል፣ መሐላቸው የቀረው የሳሳ ጅማት ብቻ ነው አለኝ። ሄርኒያው፣ ያ አንጀቱ የሚወጣበት ቀዳዳ፣ ያለውም እዚያው የሳሳው ላይ ነው።

«ቀዳዳውን ብቻ ልሰፋልሽ እችላለሁ» አለ። «ቶሎ ያልቃል። ግን በሳሳ ነገር ላይ የተሰፋ ስፌት ዙሪያውን ይዘነጥለዋል፤ ተመልሰሽ ትመጪያለሽ። ከቻልኩ ሁለቱንም በአንዴ እሠራዋለሁ። ቀዳዳውን ዘግቼ፣ ጡንቻዎቹን ከላይ እስከ ታች አገናኝቼ፣ የተረፈውን ቆዳ ቆርጬ አወጣዋለሁ።»

«ቆዳው ደግሞ ምን አደረገ?» አልኩት፣ እንዳፈርኩ።

የተንጠለጠለውን ቆዳ አነሳና ሥሩን አየ። አራት ዓመት የአሰብ ላብ የሚያቆስለኝ፣ በየማታው ዱቄት የምነሰንስበት ቦታ ነው። «ይሄ ቁስል አይደለም እንዴ?» አለኝ። ለማንም አሳይቼው አላውቅም ነበር።

ሁለት ነገር አስጠነቀቀኝ። አንደኛው፣ እምብርት ደም የሚያገኘው ከዙሪያው ቆዳና ከሥሩ ነው፤ ቆዳው ሲነሳ ሥሩ ብቻ ይቀርለታል፣ ሄርኒያው ደግሞ ያለው እዚያው ሥሩ ላይ ስለሆነ እምብርቴ ሊሞት ይችላል። «እትብቴ ደሴ ተቀብሯል፣ እምብርቴ አሰብ ቢቀር ምን ይላል?» አልኩት። ሳቀ። ሁለተኛውን ሲናገር ግን አልሳቀም። «ሌላ ልጅ ታስቢያለሽ? ካረገዝሽ ያገናኘሁት ይላላል። ከባለቤትሽ ጋር ተነጋገሩ። ይህ ሙቀትም ይለፍ፤ በላብ ውስጥ ረጅም ቁስል አልከፍትም።»

ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ሽንኩርትና ድንች አወረደ፣ ታጠበ፣ ሽርጡን አገለደመ፣ ከዚያ ነገርኩት። ሄርኒያው ገባው። ቆዳው ላይ ሲደርስ ፊቱን ቋጠረ።

«እሱማ ለቁንጅና ነው» አለ።

ያን ጊዜ ነው የኔ ነገር የተነሳው። ቀሚሴን ሰብስቤ ቁስሉን አሳየሁት። «ይሄ ነው ቁንጅናው! አንተ በአፋር በረሃ ላብህን ስትጠርግ እኔ ሰው ሳያየኝ ዱቄት እነሰንሳለሁ! ለመሆኑ ቆንጆ ብሆንስ ምን ትሆናለህ? ትሞታለህ?» ግቢው በሙሉ ሰማ። እኔ ስጮህ እሱ አይጮህም፣ ያስባል፤ አንዳንዴ ከመጮህ ይልቅ ማሰቡ ያናድደኛል። ጎንበስ ብሎ ቁስሉን አየና «ሸራ ነው» አለ።

«ምን?»

«ጭነት ያወረደ መኪና ሸራው ልል ከሆነ ነፋስ ገብቶ ይቀደዋል። ገመዱን ብቻ አጥብቀህ አትሄድም፤ ሸራውንም ትሰበስበዋለህ። ሰውየው ሥራውን ያውቃል።»

ስለ ልጅ ስጠይቀው ደግሞ መሬት መሬት አየ። «ሦስት እዚህ አሉን፤ አንዱን እግዜር ያሳድግልናል። ይበቃናል» አለ። በትዳራችን እንደዚያ ቀን የወደድኩት ጊዜ አላስታውስም። በዚያው ቀን ከቤቱ ቁጡም እኔ ነበርኩ፣ አልቃሻም እኔው ሆንኩ።

ኅዳር ላይ፣ የባሕሩ ነፋስ ሲቀዘቅዝ፣ ሆስፒታል ገባሁ። ጠዋት ሐኪሙ አቆመኝና በእስክሪብቶ ሆዴ ላይ መሥመር አሰመረ። አንዱ ከዳሌ እስከ ዳሌ እንደ ጀልባ የሚጎብጥ፣ አንዱ ከደረቴ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ነበር። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የኖርኩ ሴት ሰሌዳ መሆንም ደረሰኝ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ የማደንዘዣው ጭንብል መጣ፣ ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለም።

ስነቃ ጉልበቶቼ ሥር ትራስ ተደርቦ፣ ጀርባዬ ቀና ተደርጎ ታጥፌ ተኝቻለሁ። ከሁለቱም ጎኔ የላስቲክ ቱቦ ወጥቶ ወደ ጠርሙስ ይንጠባጠባል። ሐኪሙ ማታውን መጥቶ የሠራውን በእጁ እያሳየ ነገረኝ። በታችኛው መሥመር ገብቶ ቆዳውን እስከ ጎድን አጥንቴ ድረስ ከጡንቻው ላይ አንስቶታል። እምብርቱን ዙሪያውን ቆርጦ ከሥሩ ጋር ትቶታል፤ ሄርኒያውንም ከአንድ ወገን ብቻ ገብቶ ነው የዘጋው፣ በሌላው ወገን ደሙ እንዲመላለስ። ከዚያ በማይሟሟ ክር ሁለቱን ጡንቻዎች ከላይ እስከ ታች አገናኘ፣ ደግሞ ከላዩ ደረበበት። በመጨረሻ ቆዳውን ወደ ታች ስቦ ትርፉን ቆረጠ፣ ለእምብርቴም አዲስ መስኮት ከፈተለት። «አሁን ቆዳሽ አጭር ነው» አለኝ። «ታጥፈሽ ትተኛለሽ፣ ጎብጠሽ ትሄጃለሽ። እሱ ራሱ በጊዜው እየለቀቀ ያቃናሻል። አንቺ አታቃኚው። አትሳቂ፣ አታስይ፣ ምንም አታንሺ።»

እምብርቴ መጀመሪያ ጠቆረ። እያንዳንዱ ጠዋት ፋሻው ሲነሳ እኔ ፊቴን አዞራለሁ፣ የሐኪሙን ፊት ግን በዓይኔ ጥግ እከታተላለሁ። አንድ ጠዋት አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ «ቀላ» አለ፣ ሠርግ እንደሚያበስር ሰው ሆኖ። ያን ቀን ምሳዬ ጣፈጠኝ።

እማማ በቀዶ ጥገናው ማግሥት ገንፎ ሠርተው፣ ቅቤውን መሐሉ ላይ አድርገው፣ በር ላይ እልል እያሉ መጡ። አለመውለዴን አሳምረው ያውቃሉ። ግን «ሆዷ የተከፈተ ሁሉ አራስ ናት» ብለው ወስነዋል። ነርሷ ገንፎውን ከበር መለሰችው። «ለማን ልስጠው ታዲያ?» ሲሉ፣ ከጎኔ የተኛችው የበይሉል መንደር ሴት ባል፣ ዓሣ አጥማጅ ነው፣ «ለእኔ» አለ። በላውም። እኔ ትራስ ሆዴ ላይ አቅፌ፣ እንዳልስቅ ጥርሴን ነክሼ፣ እንባዬ ይወርዳል።

ልጄን አባቷ ያመጣት በሦስተኛው ቀን ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ቆመችና ሆዴን ፈለገች። አጣችው።

«ወጣ?» አለችኝ።

«ማን?»

«ወንድሜ።»

ባለቤቴ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ እንደ አስተማሪ ለመናገር ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም፤ እንደ እናት ተናገርኩ። «እዚህ አልነበረም። አንቺ ስትወለጂ አብሮሽ ወጥቷል። ሞቷል የኔ ልጅ። ሆዴ የተነፋው በሱ አይደለም፤ ሆዴ ታሞ ነው፣ ዶክተሩ አዳነኝ።»

ሆዴን እንደገና አየች። «እማማም ሰዎቹም ሁሉ ዋሹ?»

«አልዋሹም። አላወቁም።»

«እሺ አሁን ብታዝዪኝ ማንም አይጨፈለቅም?»

«ማንም።»

«እሺ እዘዪኝ።»

«ዶክተሩ ሲፈቅድ። ስፌቱ ከያዘ አዝልሻለሁ።» እጄን መትታ ቃል አስገባችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እምብርቴንም ቁንጅናውንም ረሳሁ፤ የምጸልየው ስለ ስፌቱ ብቻ ሆነ።

ቤቴ የገባሁት ለሁለት ታጥፌ ነው። ጎባጣ ሰው ዓለምን ከታች ወደ ላይ ነው የሚማራት። በመጀመሪያው ሳምንት የማውቀው የጎረቤቶቼን ጫማ ብቻ ነበር፤ ማን ጫማውን እንደማይጠርግ፣ የማን ጥፍር እንዳደገ። ባለቤቴ ወዲያው ጉዞ ወጣ፤ ጭነት አይጠብቅም። እማማ ምግቤን ያመጣሉ፣ ልጆቼን ይቆጣሉ፣ እኔን ባዩ ቁጥር ግን ደረታቸውን ይመታሉ። «አበስኩ ገበርኩ! ቀጥ ያለች ልጅ ወስደው ጎባጣ መለሱልን!»

«ዶክተሩ ነው ጎብጠሽ ሂጂ ያለኝ እማማ።»

«አበላሽቷት ሲያበቃ ምን ይበል?»

በአገራቸው ወገቧ ያልታሸ አራስ ጎብጣ ትቀራለች። ይህን ያመኑት ትናንት አይደለም፣ ዕድሜ ልካቸውን ነው። እናም አንድ ከሰዓት፣ አሰብ በሙሉ መስኮት ዘግቶ በተኛበት ሰዓት፣ በጎኔ ተኝቼ ሳንቀላፋ በሩ ተከፈተ። እማማ ቅቤ በሳህን ይዘው ገቡ። ወገቤን ብቻ እንደሚያሹኝ ነገሩኝ። የሚያሽ እጅ ደስ ይላል፣ ትልቅ ሰውን «አይንኩኝ» ማለትም ከባድ ነው፤ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። ትንሽ ካሹኝ በኋላ በጀርባዬ ገለበጡኝ። ከዚያ ሳያስጠነቅቁኝ፣ «በስመ አብ» ብለው፣ ሁለቱን ጉልበቶቼን በክንዳቸው ተጭነው ወደ ፍራሹ አወረዷቸው።

የጮህኩትን ጩኸት ጎዳናው በሙሉ ሰምቶታል አሉ። ከታች ከዳሌ እስከ ዳሌ እሳት ተለቀቀብኝ፣ አንድ ነገር ብጥስ ሲል ተሰማኝ፣ ፋሻው ረጠበ። «ይውጡልኝ! ገደሉኝ! ልጄን እንዳላዝል አደረጉኝ!» አልኳቸው። ሌላም ብዙ ብያለሁ፤ ለእናት የማይባል። ሳህኑን ገፍቼው ቅቤው መሬት ላይ ተደፋ። እማማ እጃቸው ቅቤ እንደሆነ ቆመው ቀሩ። «እኔ እኮ ላቃናሽ ነው» አሉ፣ ድምፃቸው እንደ ሕፃን ቀጥኖ።

ጎረቤት መኪና ፈልጎ ሆስፒታል አደረሰኝ። መንገዱን ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ቆዳ ቢቀደድ ይሰፋል፣ ጡንቻው ከተለቀቀ ግን ሁሉም ወደ ነበረበት ተመለሰ። ሆዱም፣ ወንበሩም፣ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ»ም። ልጄም ወንድሟን መስማት ትቀጥላለች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የመኪናው ወንበር ምስክሬ ነው።

ሐኪሙ ፋሻውን ፈታ። በጎኔ በኩል ጥቂት የቆዳ ስፌት ተበጥሷል። እሱን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። መዳፉን ከደረቴ እስከ ታች በመሐሉ መሥመር ላይ ዘረጋና «እስቲ ሳል አድርጊ» አለኝ።

«አልችልም።»

«ትችያለሽ።»

ሳልኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። መዳፉ አልተነሳም፣ ምንም አልገፋውም። «አሁንም» አለ። አሁንም ሳልኩ።

«ይዟል» አለኝ። «ይሄ ስፌት ተሳቢ ይጎትታል።»

ዓይኔን ስገልጥ እማማ በር ላይ ቆመዋል። በእግራቸው ነው የተከተሉን፣ በዚያ ፀሐይ፣ ነጠላቸውን በአፋቸው ይዘው። ሐኪሙ አያቸው፣ ቅቤ የነካውን እጃቸውንም አየ፣ ገባው።

«እማማ፣ ያቃኗት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አሉ። «አራስ ሳሽ ነው የሸበትኩት ልጄ። ጎብጣ ልትቀርብኝ ነው ብዬ ነው።»

ይቆጣቸዋል ብዬ ስጠብቅ ወንበር ሳብ አደረገላቸው። ቆዳው ለምን እንዳጠረ፣ ለምን እንደሚለቅ በትዕግሥት ነገራቸው። ከዚያ «መቀነት ማሰር ይችላሉ?» አላቸው።

«ከኔ በላይ ማን ሊያስር!»

«እንግዲህ ሥራ ሰጠሁዎት። ሰፊውን ፋሻ ከታች ጀምረው ወደ ላይ ያስሩላታል፤ ሆዷን ደገፍ እንዲያደርጋት እንጂ ትንፋሽ እንዳያሳጣት። እኔ በቃ እስክል ድረስ ደግሞ ማንም እንዳያቃናት ይጠብቁልኝ። እሷ ራሷም ጭምር።»

ቤት ስንመለስ ይቅርታ ልጠይቃቸው ፈለግሁ። ለይቅርታ ማጎንበስ እንኳ አላስፈለገኝም፤ ጎባጣ ነበርኩ። እዚያው በቆምኩበት ጉልበታቸውን ሳምኩ። «የደፋሽው ቅቤ ለጋ ነበር» አሉኝ፣ በዚሁ ታረቅን።

ከዚያ በኋላ እማማ ጠባቂዬ ሆኑ፣ እንዴት ያለ ጠባቂ! ማንቆርቆሪያ ካነሳሁ «ለዶክተሩ እናገራለሁ!» ይሉኛል። ትንሽ ቀና ካልኩ ከግቢው ጥግ ሆነው «አጎንብሺ!» ብለው ይጮኻሉ። ሰው ሁሉ ልጁን ቀና በል እያለ በሚያሳድግበት አገር፣ በአደባባይ አጎንብሺ የተባለች አስተማሪ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ጠዋት ጠዋት ፋሻውን ሲያስሩልኝ እጃቸው እንደ እናቴ እጅ ነበር።

ቆዳው ሐኪሙ እንዳለው ራሱ ለቀቀ። ከጫማ ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ቀበቶ ከፍ አልኩ። የገና በዓል ሲያልፍ የሰው ፊት አየሁ። ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ ዝም ብለው ያዩኛል፤ አንዷ ልጅ «መምህር ረዘሙ» አለች። አልረዘምኩም። ቀና ብዬ ቆምኩ እንጂ።

ልጄ ግን ሌላ ነገር አይታያትም። «ፈቀደ?» ትለኛለች በየቀኑ። «ገና ነው።» «ገና ማለት መቼ ነው?» ሐኪሙ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኝ ፋሲካ ሲቃረብ ነው። እንደገና ራሴን ከትራስ ቀና አስደረገኝ። ያ ሸንተረር የለም። ጣቶቹን ሊያሰምጥ ሞከረ፣ የሚገባበት አጣ። «ሂጂ፣ የፈለግሽውን አንሺ» አለኝ። ስለ ልጄ ነግሬው ስለነበር «እሷን ግን ቀስ ብለሽ» ብሎ ጨመረበት።

በማግሥቱ ከሰዓት ልጄን ወደ ባሕሩ ልወስዳት ወጣን። እማማ በነጠላ አሰሩልኝ፤ ቋጠሮውን ሆዴ ላይ አጠበቁት፣ በእጃቸው መታ መታ አድርገው ፈተሹት። አምስት ዓመት ልትደፍን ነው፣ እግሮቿ እስከ ጉልበቴ ይንጠለጠላሉ፣ ትከብዳለች። ትንፋሿ አንገቴ ላይ ሞቀኝ። የአራት ዓመት ልጄን ክብደት ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ደስ አለኝ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

አውቶቡሱ ሞልቶ መጣ። ስወጣ እንደ ልማዴ የሚነሳውን ጎረምሳ ጠበቅሁ። አንዱ ቀና ብሎ አየኝና ተመልሶ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሌላው አንቀላፍቷል። ብረቱን ይዤ ቆምኩ።

ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ዘንቢላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ልጄን ከታች እስከ ላይ አዩዋት።

«ምነው እቴ፣ ይቺን የምታህል ልጅ ይታዘላል? እግር የላትም?»

«አለኝ» አለች ልጄ ከጀርባዬ፣ እግሯን እያወዛወዘች።

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ከእግሯ ወደ ቋጠሮው፣ ከቋጠሮው ወደ ሆዴ አመጡት። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥፋቱ ያንቺ ነው። ታናሽ ብትወልጂላት እኮ ከጀርባሽ ትወርድልሽ ነበር» አሉኝ።

ሳቅ አፈነኝ። አራት ዓመት ስንቱ ሰው ይህን ሆድ አይቶ የሌለ ልጅ ሲያገኝበት ኖሮ፣ እኚህ ሴት አይተው ማንም እንደሌለበት አወቁ። ሳቅሁ፣ ከሆዴ፣ አፌን ሳልይዝ፣ ትራስ ሳላቅፍ። ልጄም ምን እንዳሳቀኝ ሳታውቅ ጀርባዬ ላይ አብራኝ እየተንቀጠቀጠች ትስቃለች፣ ነጠላው ይጠብቃል፣ ስፌቱ ይዟል። ሴትዮዋ ተቆጥተው ፊታቸውን አዞሩ።

ባሕሩ ጋ እስክንወርድ ድረስ ማንም አልተነሳልኝም።